መርዶ አዋቂዋ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከጋሪ ማቆሚያው ወደ ላህ ወንዝ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ደስታነሽ የምትባል ሴት አለች። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች፤ ግቢዋ ውስጥ ያለችውን አንዲት ትርፍ ክፍል ታከራያለች። እንዲህ የሚኖር ሰው በከተማው ሞልቷል። የሷን ስም ከሰፈር አልፎ እስከ ጅጋና ማንኩሳ ያደረሰው ሌላ ነገር ነው። ሰው ሲሞትና ለልጁ ወይም ለሚስቱ መንገር ሲቸግር የምትጠራው እሷ ነበረች። ደስታነሽ መርዶ ታውቅበታለች ይባላል። ይባል ነበር ልበል እንጂ፤ ዛሬ ቢለምኗትም አትሄድም፣ ቢቆጧትም አትሄድም።

መርዶ መናገር አፍ መክፈት ብቻ የሚመስለው ካለ በሷ ላይ የደረሰውን አልሰማም። ባሏ ባምላኩ የበቆሎ ጭነት ይዞ ወደ ቡሬ ሲሄድ መኪናው መንገድ ላይ ተገለበጠ። እሷ በዚያ ሰዓት ገበያ መሃል በርበሬዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አንዱ ምላሱ የማያርፍ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከሩቅ ቆሞ "አንቺ ሴት፣ ባልሽ ሞቶ አንቺ በርበሬ ትሰፍሪያለሽ?" ብሎ ጮኸባት። በፊቷ በርበሬው ላይ ተደፋች። ሰዎች ደርሰው ቢያነሷትም ዓይኗ ተቃጥሎ ሁለት ቀን አልገለጥ አላት፤ ባሏ ሲቀበር ሳጥኑን እንኳ በወጉ አላየችውም። ሐዘኗ ትንሽ ሲበርድላት፣ እኔ ባለሁበት ሰፈር ሰው መርዶ እንዲህ አይረዳም ብላ ማለች።

መሐላዋን ጠበቀች። ሰው በባዶ ሆዱ አይረዳም፤ ብቻውን አይረዳም፤ መንገድ ላይ፣ ሥራ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አይረዳም። ማታ ጥሩ አድርጎ ይበላል፣ ይተኛል። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቄስ ይመጣል፣ ጉልበት ያለው ሰው ከጎኑ ይቀመጣል፣ እሳቱ ይዳፈናል፣ ቢላዋው ከፊት ይነሣል። እስከዚያው ድረስ የሚነገረው ነገር በሷ ሕግ ውሸት አይባልም። አንድ ጊዜ ደምበጫ የሚያስተምር ክንዱ የሚባል ልጅ አባቱ ሞቱበት። ደስታነሽ "ትንሽ አሟቸው ነው" ብላ ከትምህርት ቤት ይዛው ወጣች፤ አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ዳቦ እየቆረሰች እያጎረሰችው፣ እጁን እንደያዘች አገሩ አደረሰችው። በኋላ ራሱ መጥቶ ጉልበቷን ስሟታል።

ክንዱም ቢሆን ገና "አሟቸው ነው" ሲባል ልቡ ነግሮታል። እዚህ አገር ከሩቅ ተደውሎ "በጠና ታማለች፣ ልጇ ቶሎ ይድረስ" ከተባለ ሰሚው ነጠላውን ያዘቀዝቃል። ማን ደውሎ ሞተች ይላል? ደዋዩ ያለሰልሳል፣ ሰሚው ይገባዋል፣ ወግ ነውና ሁለቱም ቃሉን አያነሡትም። ደስታነሽ በዚህ ነገር አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም ነበር።

ኬንያዊቷ ዋንጌቺ የመጣችው በመስከረም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ አቮካዶ ልታዳቅል፣ ለሠራተኞቹም ልታስተምር ነበር አመጣጧ። "ደስታነሽ ቤት የውጭ አገር ሰው ሊገባ ነው" የተባለ ዕለት ሰፈሩ ነጭ ጠብቆ ነበር፤ አንዳንዱም ፊቱን ታጥቦ ወጥቷል። ጠይም፣ ረዘም ያለች፣ የአርባ ዓመት ሴት ሻንጣዋን ጋሪ ላይ አስጭና ስትወርድ ጎረቤት በለጠች አጥር ላይ ተደግፋ "ይቺ ደግሞ የት አገር ፈረንጅ ናት?" አለች።

ነጭ ብትሆን ይቀላት ነበር። ነጭን ሰው በጣቱ እያሳየ፣ ቃል እየጎተተ ያናግረዋል። ዋንጌቺን ግን ያየ ሁሉ የአገሩ ሰው እየመሰለችው በአማርኛ ያንበለብልባታል፤ ዝም ስትል "ምን ያኮራታል?" ብሎ ያልፋታል። ሽንኩርት ሻጯ አኩርፋ አልሸጥም ብላታለች። የባጃጁ ሹፌር "አፍሽን ማን ሰፋው?" ብሏታል። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፤ ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ከተማው ዘግቶ ይገባል። የመጀመሪያውን ወር ከሥራ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጋሪ ስትቆጥር ታመሽ ነበር።

ደስታነሽ አላስቻላትም። አንድ የገበያ ቀን እጇን ይዛ ከመደብ መደብ አዞረቻት። "ይቺ ልጅ እንግዳ ናት፤ አማርኛ አታውቅም፤ ኩራትም የለባት። የኔ ናት" እያለች ለሻጩ ሁሉ አስረከበቻት። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ሻጯ ራሷ መርቃ ትሰጣታለች። ዋንጌቺም አማርኛውን ከችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች ለቀመችው፤ እነሱ እርስ በርሳቸው እንደሚነጋገሩት አድርጋ ማለት ነው። ቄስ ወልደ ሥላሴን መንገድ ላይ አግኝታ "አንተ፣ ደህና አደርክ?" ስትላቸው ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን "ደህና አደርኩ ልጄ፣ አንቺስ?" ብለው መስቀላቸውን አወጡላት።

አንድ ቀን ዋንጌቺ የበቆሎ ዱቄት ገዝታ ያገሯን ምግብ ሠራች። ደስታነሽ ቀመሰችና "ይኼማ ገንፎ ነው፤ ቅቤውን የረሳ ገንፎ" አለቻት። ዋንጌቺ ነገሩ ሲገባት እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሏ ለመኝታ ብቻ ሆነ፤ ራቷ ከደስታነሽ ጋር ነው። ደስታነሽም አንዲት ልጇ ያምሮት ባሕር ዳር ሱቅ ተቀጥራ ከሄደች ወዲህ ማዕድ ላይ ሰው ያገኘችው ያኔ ነው።

እሑድ እሑድ ዋንጌቺ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ በስልክ ያወራሉ። አሮጊቷ ጥርሳቸው የሳሳ፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ከኋላቸው የሻይ ቅጠል ተክል የሚታይ ሴት ናቸው። ደስታነሽም ከጎን አንገቷን አስግጋ ሰላምታ ትሰጣለች። ሁለቱ በየቋንቋቸው ያወራሉ፤ አንዳቸውም ሌላኛዋ ያለችውን አይሰሙም፤ ግን አንድም ቀን ወሬ አልቆባቸው አያውቅም። አንድ እሑድ አሮጊቷ በጣታቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱና መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ደስታነሽም መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ "ተቀብያለሁ እህቴ፤ ልጅሽ ልጄ ናት፤ አትስጊ" አለች። አደራ ማለት ይህ ነው።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጀመረ፣ የሐዋርያት ጾምም ተያዘ። አንድ ቅዳሜ ዋንጌቺ ችግኝ ስታጠጣ ስልኳ ከደረት ኪሷ ወጥቶ በርሜል ውስጥ ገባ። ደስታነሽ ይደርቃል ብላ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረችላት። በዚያ እሑድ ከእናቷ ጋር ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ የደስታነሽ ስልክ ጮኸ።

"እማማ ደስታነሽ ነዎት? እፀገነት እባላለሁ፤ ከአዲስ አበባ ነው፣ ከዋንጌቺ መሥሪያ ቤት ዋና ቢሮ። የሷ ስልክ አልሠራ ብሎን ነው። እናቷ በጠና ታመዋል፤ ሐኪም ቤት ናቸው። ወንድሟ ከኬንያ ደውሎልን ነበር። ድምጿን መስማት ይፈልጋሉ። ዛሬውኑ ትደውል፤ ቁጥሩን ልንገርዎ።"

ደስታነሽ የበርበሬ ወንፊቱን አስቀመጠች። አውቃዋለች ይህን አነጋገር። ስንት ጊዜ ራሷ ተናግራዋለች። ሙያዋ እንደሚያዘው ዙሪያውን ጠየቀች። "ሌሎቹ ልጆቻቸው ደርሰዋል?"

"አዎ፣ ሁሉም አጠገባቸው ናቸው።"

"እሷም እንድትሄድ ነው?"

"ብትሄድ ጥሩ ነው፤ ትኬት እያየንላት ነው። ግን መጀመሪያ ትደውል።"

"ገባኝ ልጄ። የቀረውን ለኔ ተዪው" አለች ደስታነሽ፤ ቁጥሩንም በከሰል የማድቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፈችው። እፀገነት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ታመዋል ስትል ታመዋል ማለቷ ነበር። አመስግና ዘጋች።

"ሞተዋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ምን ነበረበት? አንድ ቃል ናት። ግን ማን ይጠይቃል? ደስታነሽ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አይታ አታውቅም። ልጆች ሁሉ ተሰብስበዋል፣ ትኬት እየተቆረጠ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? ወንፊቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ለዚያች ሻሽ ላሰረች ሴት አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ሥራዋን ጀመረች።

ችግኝ ጣቢያው በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። መሄድ ትችል ነበር። በለጠችን አማከረቻት። በለጠች "ያቺ ዘመድ የሌላት ልጅ ጭቃ መሃል ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ባዕድ አገር ናት እኮ፤ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ነው እንጂ" አለች። ቄስ ወልደ ሥላሴም "በወጉ ይሁንላት፤ እኛም ዘመዶቿ እንሁን" አሉ። ነገ ንጋት ላይ ተባባሉ። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ያንን ማንም ሊክደው አይችልም። ደስታነሽን እስከ ዛሬ የሚያቃጥላትም እሱ ነው፤ በክፋት አድርጋው ቢሆን ንስሐውን ታውቀው ነበር።

ዋንጌቺ ማምሻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦት ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ፊቷ በርቶ መጣች። "ሦስት መቶ ይዘዋል" አለች ገና ከበር። ካዳቀለቻቸው ችግኞች ሦስት መቶው አቆጥቁጠዋል ማለቷ ነው። "ሁሉም ሳቁብኝ፣ አይዝም አሉ። ያዘ።"

ደስታነሽ እንቁላል ጠበሰችላት። ልብ በሉ፣ ጾም ነው፤ የዚያች ሴት መጥበሻ በጾም እንቁላል ነክቶት አያውቅም። ዋንጌቺ አየችና በሳቅ ዓይኗ ፈጠጠ። "ዛሬ ምን ሆንሽ? ቄሱ ይቆጣሻል።" ሦስቱንም እንቁላል በላች። ደስታነሽ ራሷ እህል አልወረደላትም፤ ልጅቱ በጎረሰች ቁጥር አሁን ጠግባ ትተኛለች እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

"ሰው ደወለ?" አለች ዋንጌቺ እጇን እየታጠበች።

"ማንም።"

"ስልክሽን ስጪኝ። ለእናቴ ትንሽ ልደውል። እሑድ አላወራንም፤ ረሳችኝ ትላለች።"

ደስታነሽ ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ነበር የያዘችው። ሆዷ ላይ ይሞቃታል። "ካርድ የለውም" አለች።

"ሱቁ ክፍት ነው፤ ልግዛ?"

"ባትሪውም ሞቷል። ቻርጀሩን በለጠች ወስዳዋለች። ነገ ጠዋት ትደውያለሽ።"

"እሺ፣ ነገ" አለች ዋንጌቺ። አመነቻት። ለምን አታምናትም? ያን ጊዜ መቀነቱ ውስጥ ስልኩ መንዘር ጀመረ። ደስታነሽ ዕቃ የምታስገባ መስላ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ያቺው የአዲስ አበባዋ ቁጥር ናት። የቀብሩን ቀን ልትነግረኝ ነው ብላ አሰበችና ልጅቱ እንዳትሰማ ስልኩን አጠፋችው።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ። በለጠች ከሁለት ሴቶች ጋር መጣች፤ ቄስ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፤ ነጠላ ተዘቀዘቀ። ዋንጌቺ ከእንቅልፏ ነቅታ ይህን ሁሉ ሰው ደጃፏ ላይ ስታይ የታመመችው ደስታነሽ መሰለቻት፤ ግንባሯን ልትዳስሳት እጇን ዘረጋች። ደስታነሽ ያንን እጅ ያዘችው። የልጅቱ አማርኛ ለማድበስበስ ስለማይበቃ በቀጥታ ተናገረች። "ዋንጌዬ፣ እናትሽ ሞተች።"

ሴቶቹ አለቀሱ። ዋንጌቺ አላለቀሰችም፤ አላመነችም። "ማን አለ? ስልክ" አለች። "ስልክ ስጪኝ።" ደስታነሽ ስልኩን አበራችላት፤ ማድቤት አስገብታም ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር አሳየቻት። ዋንጌቺ የከሰሉን ጽሕፈት አይታ አንድ ጊዜ ወደ ደስታነሽ ዞረች፤ ከዚያ ደወለች።

ወንድሟ አነሣ። ባገሯ ቋንቋ ተነጋገሩ፤ ማንም ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ግን ፊቷ ሲፈታ ሁሉም አየ። "አልሞተችም" አለች ወደነሱ ዞራ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች። "አለች። እናቴ አለች።" በለጠች እልልታዋን ልታቀልጠው አፏን ከፈተች። ደስታነሽ እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማት ዓመታት አልፈዋል። ተሳስቻለሁ፣ ተመስገን፣ ተሳስቻለሁ፤ ነጋ ጠባ ቢስቁብኝ ይሳቁብኝ ብላ አሰበች።

ዋንጌቺ ጆሮዋ ላይ ስልኩን ጫን አድርጋ ማውራት ቀጠለች። "ማይቱ፣ ማይቱ" ትላለች፤ እናቴ ማለቷ እንደሆነ ደስታነሽ ከእሑዶቹ ታውቃለች። ጠርታ ዝም ትላለች፣ እንደገና ትጠራለች። ከዚያ መጥራቱን ተወችና ማዳመጥ ብቻ ሆነ። ካርዱ እስኪያልቅ አዳመጠች።

"መናገር አትችልም" አለች በመጨረሻ። "ትተነፍሳለች ብቻ። ትናንት ታወራ ነበር። እስከ ማታ ድረስ አወራች፤ ከዚያ ቆመ።" ስልኩን ለደስታነሽ መለሰችላት። "መቼ ነው የደወሉት?"

"ትናንት" አለች ደስታነሽ። "ቀን።"

"ማንም አልደወለም አልሽኝ።"

ቄሱ መስቀላቸውን በልብሳቸው ሸፈኑት። የበላችበት መጥበሻ ገና አልታጠበም ነበር፤ ዋንጌቺ አየችው፤ እንቁላሉ ለምን እንደተጠበሰ ያን ጊዜ ገባት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ልብሷን በሻንጣ አደረገችና በጠዋቱ መኪና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሄደች። ደስታነሽ እስከ መናኸሪያው ሻንጣውን ይዛ ተከተለቻት።

እናቷ የሞቱት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ባሕር ዳር አውሮፕላን ስትጠብቅ ነው። ይህንንም እፀገነት ናት ደውላ የነገረቻት። "ሞተዋል" አለች፣ እንዲሁ በቀጥታ።

ክረምቱን ደስታነሽ እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና ግድግዳው ያውቃሉ። ቁጥሩን አላጠፋችውም፤ ግድግዳው ሲለሰን እንኳ ያንን ቦታ ዝለሉት አለች። ለቄስ ወልደ ሥላሴ ተናዘዘች፤ እሳቸውም "እኔም አብሬሽ ነበርኩ፤ አውቀሽ ያደረግሽው አይደለም" ብለው ስግደት ሰጧት። ሰገደች። አልቀለላትም። ሰዎች መርዶ ሊያስነግሯት ሲመጡ "እኔን ተዉኝ" ትላለች። አንዲት ሴት "እታለም፣ ካንቺ በቀር ማን ይችልበታል?" ብላ እግሯ ላይ ብትወድቅ፣ ደስታነሽ አብራት ወድቃ አለቀሰች እንጂ አልሄደችም።

ዋንጌቺ በጳጉሜ ተመለሰች። ውሏ ገና አላለቀም ነበር፤ ችግኞቹም ይጠብቋታል። ግን ወደ ደስታነሽ ግቢ አልገባችም፤ ችግኝ ጣቢያው አጠገብ ሌላ ቤት ተከራየች። ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ፤ ደስታነሽም ሄዳ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ተመለሰች። ገበያ ላይ ሲገናኙ ዋንጌቺ ቆማ በጨዋ ደንብ ሰላም ትላታለች፣ ስለ ያምሮት ትጠይቃታለች፣ ትሄዳለች። ደስታነሽ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ እናትሽ ያን ቀን ምን ትል ነበር የሚል። ስታገኛት ሁሉ አፏ ላይ ይመጣል። መልሱን ስለፈራችው ትውጠዋለች።

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት፣ ደስታነሽ ከበለጠች ጋር ቅዳሴ ላይ ነበረች፤ ስልኳን ቤት ትታ ነው የመጣችው። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶታል። ድንገት ከበሩ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ዋንጌቺ ናት፤ በሥራ ልብሷ፣ ከነቦት ጫማዋ፣ ነጠላ የለበሰውን ሰው በክርኗ እየገፋች ትመጣለች። ከችግኝ ጣቢያው በባጃጅ መጥታ ከመንገዱ ጀምሮ ሮጣለች፤ ትንፋሿ ተቆርጧል።

"ያምሮት" አለች ገና ሳትደርስ። "ያምሮት ታመመች።"

ታመመች። ልጆቻቸው ሲሞቱባቸው ደስታነሽ ለስንት እናቶች ራሷ ያለችው ቃል ነው። በለጠች በፍጥነት መሃላቸው ገባች፤ የዋንጌቺን ክንድ ይዛ "ምነው አንቺ፣ እንዲህ በቁም ይነገራል? ቆይ መጀመሪያ ትቀመጥ፣ ውኃ ትቅመስ" አለቻት።

ዋንጌቺ እጇን አላቀቀች። "አልሞተችም" አለች። "ስሚኝ። ትርፍ አንጀት ነው። ሐኪም ቤት ነች፤ አሁን ሊያስገቧት ነው። ያንቺ ስልክ አልተነሣም፤ ያምሮት ቁጥሬን ሰጠቻት፣ ጓደኛዋ ለኔ ደወለች። ያንቺን ድምፅ ትፈልጋለች።" ይህን እያለች ደወለች፤ ስልኩን በደስታነሽ ጆሮ ላይ በገዛ እጇ ያዘችላት።

"እማ?" አለ ድምፅ ከወዲያኛው ጫፍ። "እማ፣ ትሰሚኛለሽ?"

የያምሮት ድምፅ ነው፤ ደክሟል፣ ግን እሷው ናት። ደስታነሽ ያለችውን አታስታውሰውም። "ሚካኤል ካንቺ ጋር ይግባ" ብላታለች ይላሉ አጠገቧ የነበሩ። ያምሮት ሳቀችና "ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው፤ አሁን ልገባ ነው" አለች፤ ስልኩ ተዘጋ። ለታሪኩ ያህል፣ ያምሮት በሦስተኛ ቀኗ ድና ወጥታለች።

ደስታነሽ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ዋንጌቺ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ደስታነሽ ለልጇ አልነበረም የምታለቅሰው። እንዲህ ቀላል ነበር እኮ፤ ሃያ ደቂቃ በባጃጅ መሄድና ስልክ ጆሮ ላይ መያዝ። አምስት ወር የዋጠችው ጥያቄ ያን ጊዜ ወጣ።

"እናትሽ ያን ቀን ምን ትል ነበር?"

ዋንጌቺ ልታለሰልስላት ትችል ነበር፤ በዚህ አገር ዓመት ኖራለች፣ እንዴት እንደሚለሰልስ አይታለች። አላለሰለሰችም።

"ወንድሜ ነው የነገረኝ። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ዋለች አለ። እሱ ቢሮ ደወለ፣ አላገኘኝም፤ ተናደደ። እሷ ግን አትናደድ አለችው። 'እዚያች ሴትዮ ጋ አስደውል፤ እሷ ታገናኘኛለች' አለች። ማታ ድረስ እንዲህ አለች።"

ደስታነሽ መዳፏን ወደ ደረቷ ልታነሣ ጀምራ መልሳ ጉልበቷ ላይ ጣለችው። ዋንጌቺ ተነሥታ ጭቃዋን አራገፈች፤ እጇን ዘርግታ ደስታነሽን አስነሣቻት፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ቅዳሴው ገና አላለቀም ነበር። በለጠች "ነይ እንጂ እንግባ" ብትላት ደስታነሽ ራሷን ነቅንቃ እዚያው አጥሩ ሥር ቀረች።